የክንፉ ጫፍ

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ፤
ሁለት ቅጠል ፎም ቦርድ፣ በሃያ ሼቄል የተገዛ።
ሌሊት ፋብሪካ አድሬ፣ የቀን እንቅልፌን ሸጬ፣
ሜሰርሽሚት እሠራለሁ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ።
"ደግሞ ጀመረህ?" ትላለች ሚስቴ፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣
መቆንጠጫዎቿን ለክንፉ ሙጫ መውሰዴን አይታ።

ጥበቡ ይኸ ነው፦
የላዩን ወረቀት መቅደድ፣ አረፋውን መሰንጠቅ፣
የታቹን ግን ሳይነኩ ማለፍ፤ ለአንድ ፀጉር መጠንቀቅ።
እጅም እንደ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤
ምላጩ ካለፈ ክንፉ ይገነጠላል፤
በልኩ ከቆመ እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል።

አከርካሪው የጥብስ እንጨት፣ ጅማቱ ቀጭን ሽቦ፣
ሁለት ሰርቮ፣ አንድ ባትሪ፣ ሆዱ ውስጥ ተሰብስቦ፤
ተመዝኖ ስድስት መቶ ግራም፣
ግማሽ ሐብሐብ እንኳ አይሞላም።

እኔ አውሮፕላን መጀመሪያ ያየሁት ከውስጡ ነው፤
ወንበሩ ተነቅሎ፣ ወለሉ ላይ፣ በአጎቴ ጉልበት ሥር ሆኜ ነው።
ክንፍ እንዳለው የነገረኝ አልነበረም።
ወርጄ ዞር ስል አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልወጣም።

"ታዲያ ለምን የጀርመኑን?" ሲሉኝ መልስ አላጣ፦
የዚህ አገር የመጀመሪያ ተዋጊም የአክስቱ ልጅ ነበር፣ ከቼክ ተፈታትቶ የመጣ።
እውነት ነው። ከአፌ እንጂ ከሆዴ ያልወጣ።

ፊራ አንደኛ ፎቅ ናት። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ።
ደረጃው ላይ ያዘችኝ፤ "ምንድን ነው?" አላለም አንደበቷ።
መስቀል አልሣልኩበት፣ ቀለም አልነካውም፣ ነጭ ነው፤
ግን አወቀችው።
ከዘራዋን ፖስታ ሣጥኑ ላይ አስደግፋ፣ መነጽሯን አንሥታ፣
እንደ ዶሮ ገዢ ዳሰሰችው፣ ደረቱን ተጭና፣ ክንፉን ዘርግታ።
እኔ ይቅርታ ፍለጋ አፌን ስከፍት፣
ሩሲያኛ በሸራረፈው ዕብራይስጥ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ መምህርት፦

"ጫፉ ልክ አይደለም።
እኔ ያየሁት አይከብም፤ ድፍን ነበር፣ በመጋዝ የተቆረጠ።
ካፍንጫው በታች ቢጫ ነው።
ጋሪ ሥር ነበርኩ፣ ስድስት ዓመቴ።
ሰባት ጊዜ ተመላለሰ።
ምናልባት ይበልጣል፤ ከሰባት በላይ መቁጠር አልችልም ነበር።"

ሦስት ፎቅ መልሼ ወጣሁ። ክቡን ጫፍ በምላጭ ጣልኩት፤
ከልጄ የትምህርት ቤት ቀለም ቢጫውን ሰረቅሁት።
መስቀሉን ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት፣ ስንዴው ታጭዶ፣ በላኪሽ መንገድ ዳር፣
ፊራ በፕላስቲክ ወንበር፣ ባርኔጣዋ እስከ ቅንድቧ፣ ፊቷ ወደ አፈር።
ወረወርኩት። ያዘው ነፋሱ።
"ድምፁ እንኳን አይደለም" አለች፤ "ማራገቢያ ነው እሱ።"
ጣቶቿን ግን አየሁ፣ ጉልበቷ ላይ፣
አንድ በአንድ ሲታጠፉ፣ ባለፈ ቁጥር በላይ።
በሰባተኛው፦ "በቃ፣ አውርደው።"
ባትሪው ገና የአራት ደቂቃ ጉልበት ነበረው።
አወረድኩት።
ገለባው መሀል ተተከለ፤ ፕሮፔለሩ ተሰበረ።

ስንመለስ፣ መኪናዬ ጠባብ ናት፣ ክንፉን ነቅዬ ጭኗ ላይ አጋደመች፤
እስከ ትራፊክ መብራቱ ዝም አለች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ እየለካች።
"ከዚህ ነገር ጋሪ ይወጣል?"
የቀረኝ ግማሽ ቅጠል ነው።
ይወጣል፣ አልኩ።
"ጋሪው ብቻ። ፈረሱ አይኑር።"