ልዩ ልዩ

«ሦስት ሰዓት» ተባለ፤ አራት ተኩል ሆነ፤
ሰብሳቢው ሳይመጣ ጧቱ ሁሉ ባከነ።
ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ በቆርቆሮው ቤት፣
የጣና ነፋስ ገብቶ ሲያምስ ወረቀት፣
ጠጠር እየጫንኩኝ በየገጹ አናት
የሚባለውን ሁሉ እጽፋለሁ እኔ፤
ጆሮዬ ነው የተቀጠረው፣ አልተቀጠረም ዓይኔ።

አጀንዳ አንድ፦ ቅንጅት።
ጤና አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ማኅበራዊ አንድ ቤት፤
ግድግዳ ይጋራሉ፣ የዝናብ አሸንዳ፤
አንዱ ለሌላው ግን የሩቅ አገር እንግዳ።
ሁለቱን ሊያቀራርብ፣ ምክር ሊሰጥ ብሎ
ተሰይሟል ቦርዱ፣ ውሃና ቆሎ ታድሎ።

ሲስተር ይታክቱ ቀድማ ተነሣች፦
«የሽምብጡ አቶ ጓንጉል» ብላ ጀመረች፣
«ስኳር የያዛቸው፣
ሰኞ ሰኞ እኛ ጋ ይታጠባል የቀኝ እግራቸው።
ቁስል የማይነካ ጫማ የሚሰጠው የዚያኛው በር ነው፤
'ደብዳቤ' ይላሉ፤ ደብዳቤው ሲደርስ ማኅተም የያዘው
ሥልጠና ሄዷል፣ ጎንደር ነው።
በቆሰለ እግር፣ ከበር ወደ በር ሰው ይንከራተታል፤
እኛ ያደረቅነውን መንገዱ ያቆስላል።»

ሰብሳቢው «መልካም ነው» አሉ፣ «ድር ቢያብር...»
ቤቱ ጨረሰላቸው፤ አንበሳው ታሰረ በክብር።
«ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት በዕቅድ ይያዝ።» ያዝኩ።
ሩብ ዓመት አሥራ ሦስት ሰኞ መሆኑን ግን አልጻፍኩ፤
እሱ ሒሳብ ነው እንጂ ቃል አይደለም፤
ያልተባለ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም።

አቶ አንሙት፣ ከነጋዴዎች ማኅበር፣
እስካሁን ስልካቸውን ሲያዩ ነበር፦
«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤
እኛ እንመክራለን፤ ማን ነው የሚሰማን?» ቤቱ በሣቅ ወደቀ።
እኔም ልሥቅ ብዬ ነበር፤ እስክሪብቶዬ ደረቀ።

አጀንዳ ሁለት አለፈ። ሦስትም፣ የአበል ጉዳይ፣
(እሱ እንኳ ረዘም አለ፣ ሁሉም ተናጋሪ በላዩ ላይ።)

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ።
ቦርሳ የሚዘጋበት፣ ዓይኖች በሩን የሚያዩ።
ወይዘሮ ዘምዘም፣ የሐይቁ ዳር ተወካይ፣
ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ከጥግ ወንበር ላይ፣
እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸው
በደንገል ስለት ተተልትሏል። (ዓይኔ ሳይቀጠር ያያቸው።)

«ድር አላችሁ። እኔ ድር አላውቅም፤
አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ከደንገል ሌላ አልተማርኩም።
ደንገል አጥብቀው ሲያስሩት ያምራል፤ ይንሳፈፋል፤
ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ይመጣል።
ግን ውሃ ይጠጣል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፤ አያስታውቅም።
ማታ ማታ ዳር አውጥቶ ያላደረቀው፣
የላላ ገመዱን ያላጠበቀው፣
ታንኳ የለውም፤ የታሰረ ሣር ነው ያለው።
እናንተ አንዴ አሰራችሁት፣ ማኅተም መታችሁበት፤
ማታ የሚያወጣው ማነው? ማን አለበት?

አቶ ጓንጉል ጎረቤቴ ናቸው።
ትናንት ጫማው ደረሰላቸው፤
ከነሳጥኑ፣ አዲስ፣ ጥንድ።
እሳቸው ግን አሁን... እግራቸው አንድ።»

ሲስተር ይታክቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
አንዲት ጠጠር ከገጼ ላይ ተንከባላ ወረደች።
ሰብሳቢው ሰዓት አዩ። «ይመዝገብ» ተባለ።
ምን ብዬ? በየትኛው ዓምድ? የሚመጥን ቃል የት አለ?
ጻፍኩ፦ «አንድ የቀኝ እግር ጫማ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ ባለቤት የለውም።»
ሰብሳቢው ፈረሙ። አላነበቡትም።

ማምሻውን ብቻዬን፣ መስኮቱን ዘግቼ፣
የመጪውን ስብሰባ አጀንዳ ዘርግቼ፣
ማንም ሳያዘኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣
(ከታች ሰዎች ታንኳ እየጎተቱ ሲያወጡ ከሐይቅ)
አንደኛ ቁጥር ላይ፣ «ቅንጅት» በነበረበት፣
«ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩበት።