ሃያ አምስት ቀን

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከስልክ ጥገናው ጎን፣
የሸምሱ ካርጎ አለ፣ የሚያሽግ ካርቶን።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ፕላስተር በአንዱ፣
ብዕር በሌላው እጄ፣ ቀኖች የሚሄዱ።

«ማስታወቂያ ጻፊ» አለኝ አንድ ማለዳ፣
«ደንበኛ ሳይወስድብን ማዶ የከፈተው ባዳ።»
ጻፍኩለት፦
«ዘመናዊ፣ ቀልጣፋ፣ አስተማማኝ፣ ወደር የለሽ አሠራር፣
በጭነት አገልግሎት ከኛ ወዲያ ላሳር!!!»
ሦስት ቃለ አጋኖ በቀይ ተደርድሮ
ወር ሙሉ ከረመ ከመስታወት ጋር ታስሮ።
አንባቢው አቧራ፣ ከበረሃ የመጣ፤
እሱም አንብቦት ሲያበቃ፣ ሳይጭን ወጣ።
«አጋኖው አራት ይሁን» አለ ሸምሱ።

አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ዘሀራ ይመር መጣች፣
ካርቶኗን በጉልበቷ ደፍ እያሻገረች።
ብርድ ልብስ አለበት፣ የወንድሟ ጫማ፣
ጠርዛቸው ወርቅ ቅብ ስድስት ብርጭቆማ
ለእናቷ ነው፤ ሐይቅ።
ወረቀቱን ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤
ጣቷ ከቃል ቃል ሄደ፤ አጋኖው ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ አንብቤ ከላይ ታች ወርጃለሁ፤
ካርቶኔን ግን እዚህ የት ላይ አገኘዋለሁ?
በየቱ ቀን ይነሳል? ስንት ቀንስ ይፈጃል?
ሚዛኑን ማን ያየዋል? ኮምቦልቻ ማን ይረከባል?
እናቴ ፊርማ አታውቅም፤ ጣቷ ይበቃል ወይ?
ቢጠፋስ ማን ይከፍላል? ሸምሱ ነው ወይስ ሰማይ?»

ማክሰኞ ይነሳል አልኳት። ሚዛኑ ፊቱ ወዳንቺ ነው።
ኮምቦልቻ ሰይድ የሚባል ልጅ ነው የሚረከበው፤
ለናትሽ ይደውላል። ጣቷም ይበቃል።
ከጠፋ ሙሉውን ሸምሱ ይከፍላል፤
አምና አንዴ ከፍሏል። እስካሁን ያመዋል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄን በሆድሽ ይዘሽ
የማንን ሙገሳ ነው መስታወት ላይ የለጠፍሽ?»

ማታ በሩን ዘግቼ፣ ማራገቢያው ሲያቃስት፣
ወረቀቱን በምላጭ ፋቅሁት ከመስታወት።
«ዘመናዊ»ን ሰረዝኩ፤ ማን ነው የድሮ ነኝ ባይ?
«ወደር የለሽ»ም ወጣ፤ ወደሩስ ይኸው ማዶ፣ መብራቱ አይደል የሚታይ?
«አስተማማኝ» ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ዘገየ፤
ግን «እመኑኝ» የሚል ሰው መቼ ታምኖ ታየ?
የሚያነቡኝ ቆመው ነው፤ መዳም ከመኪና
ጡሩንባ እየነፋች፤ ፋታ የለምና፣
ትርፍ ቃል ሌብነት ነው።
የዘሀራን ጥያቄ በራሷ ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ፤
ጥያቄውን አጠፋሁ። መልሱን ብቻ ተውኩ፦

ማክሰኞ ይነሳል። በሃያ አምስት ቀን ይደርሳል።
ሚዛኑን ራስሽ ታነቢዋለሽ።
ሲደርስ ለቤተሰብሽ ይደወላል። ፊርማ ባይኖር ጣት ይበቃል።
ከጠፋ ሸምሱ ይከፍላል።

ጠዋት ሸምሱ አነበበው፤ አነበበው ሁለት ጊዜ፤
«እንዴት ነው ልጄ፣ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ?
ማዶ አስር ቀን ይላል፤ አንቺም አስር በይ።»
«መርከቡ ጅቡቲ ሲያድር አስር ይበቃል ወይ?
ሃያ አምስት ብለን በሃያው ቢገባ ይመርቁናል፤
አስር ብለን በሃያው ቢገባ ሌባ ይሉናል።»
ዝም አለ። ያምናው ዕዳ ትዝ ሳይለው አልቀረም።
ፕላስተሩን ራሱ ቆረጠ። «ልጠፊው» ግን አላለም።

በማግስቱ አርብ ሰልፉ መንገድ ዘጋ አልልም።
ሰባት ሴቶች ገቡ። ስንት ቀን ነው ያለች አንድም የለችም፤
ሁሉም ግን ጎንበስ ብለው ሚዛኑን አዩ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣
ከዘሀራ የድምፅ መልእክት፣ ከኋላው ሕፃን ሲያለቅስ፣ ውሃ ሲፈስ፦
«ደርሷል። እናቴ ጣቷን አሳርፋለች።
ብርድ ልብሱንም ከቀትር ጀምራ ለብሳው ተኝታለች።
ከብርጭቆው ግን አንዱ ተሰብሯል።
ስድስት ነበር አይደል? አምስት ነው በቃ።»

ብዕሬን አንስቼ ከወረቀቱ ግርጌ፣
ከሸምሱ ስም በታች፣ ጨመርኩ፦
ብርጭቆ ይሰበራል። በልብስ ጠቅልሉት።

ሸምሱ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።
«አጋኖ የለውም?» አለኝ።
«የለውም።»