ክዳን

ሽምብጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከትልቁ ዋርካ ጀርባ፣
ፍሪጅ ልጠግን ተጠርቼ ወደ ጓዳ ስገባ፣
አንድ የጠላ ጋን አየሁ፣ ከጥጉ ተጎልቶ፣
አፉ ላይ ጥቁር ክብ ነገር እንደ ቆብ ተደፍቶ፤
ከመሐሉ ቢጫ ወረቀት፣ ከወረቀቱ መሐል ቀዳዳ፣
በቀዳዳው ጌሾው ሾልኮ ሲያውደው የቤቱን ጓዳ።

ፍሪጁን ረሳሁት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሸክላ ሲያንከራትተኝ፣
ያለው «የለኝም» ሲለኝ፣ የሌለው በቀጠሮ ሲያመላልሰኝ፣
ደሴ ላይ ሽፋኑን ብቻ ገዝቼ፣ ባዶውን፣
እንደ ሟች ኮት ሰቅዬው ኖርኩ፣ እየጠበቅሁ ገላውን።

ሁለተኛው እትም አለኝ፤ ነጭ ወረቀት የለጠፉበት፣
ድምፁን አጥበው አጥበው ቀለሙን ያስለቀቁበት።
የመጀመሪያው ሦስት መቶ ብቻ ነው፣ በስልሳ አምስት የታተመ፣
ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ልጆች የነፉት፣
ዓይኑ የቀላ ድምፅ፣ የደከመ።
ጃዝ ይሉታል። ለእኔ ጆሮ የፈትል መኪና ነው፣
ክሩ ሲበጠስ የሚያዜም፣ ሲቀጠል ዝም የሚለው።

ምልክቱ ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው፤
መርፌዋ ባዶ መንገድ በምትዞርበት፣ በጠባቡ፣
በምስማር የተጫረ ቁጥር አለ፣ ጥቂቶች ናቸው ያነበቡ።
ባትሪ አበራሁ። ጎንበስ አልኩ። አለ።
ጓዳው ከነጋኑ በሠላሳ ሦስት ዙር ተንከባለለ።

«እማማ» አልኳቸው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ይህን ሸክላ ይሽጡልኝ።»
ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጋኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «አሁንስ አሳቅኸኝ!
ጠላ ልትጠምቅ ነው?»
«ጋኑን አይደለም፣ ሸክላውን ነው።»
«ጋኑስ ታዲያ ከምን ተሠራ? ከቅቤ ነው?»

በጣቴ ሳሳያቸው ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ።
«የቢያድግልኝ ነው» አሉ፣ «የባሌ። እዚያ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋል።
ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ ካልተወጣ ሳክስፎን ምን ያደርጋል?
ሸጠውና ጋን ገዛልኝ፣ ነግጄ ልጆች እንዳሳድግበት።
ክዳን ሲቸግረን ይህን አመጣ። ልክክ አለ፤
ጠላውም በቀዳዳዋ የሚተነፍስበት።»

ዐሥር ሺህ አልኩ። ሃያ። የሞተር ብስክሌቴን ቁልፍ መደቡ ላይ አኖርኩ።
«ብር ጋን ይከድናል?» አሉኝ።
«ልኩን አምጣና ውሰደው፤ እኔ መች ከለከልኩ።»

ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ፣ በክር የለካሁትን ይዤ፣
ከትሪ ወደ ሰፌድ፣ ከሰፌድ ወደ ጣውላ ተጉዤ፤
የቆርቆሮው ጠበበ። የጣውላው አበጠ፣ ተሰነጠቀ።
ሸክላ ሠሪዋ ልኩን ሠርታ ብትተኩሰው፣
ከእሳት ሲወጣ አንሶ ጋኑ ውስጥ ወደቀ።
በአንዱ ሳቢያ ጠላው ኮመጠጠ፤
ዋጋውን ከፈልኩ፣ ጠጥቼም ጨረስኩ።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ማጫወቻዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ።
እሳቸው ክዳኑን ያነሣሉ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውሉታል፣
እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።
እንፋሎት አጉብጦታልና መርፌዋ ከፍ ዝቅ ትላለች፣
ከሰዓት በኋላ ማዕበል ዜጌ አፋፍ ላይ እንደያዛት ደንገል ታንኳ፣
አፍንጫዋን እየነከረች፣ እየቀናች።
የቢያድግልኝ ተራ ሲደርስ፣ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ፣
ጌሾ የነከሰው ቦታ አለ።
ትዘላለች። ትመለሳለች። ትዘላለች።
ማንጠግቦሽ በጣታቸው ጋኑን ይመታሉ፣ ልክ እዚያ ላይ፣ ሳይስቱ።

አንድ ቀን ሁለተኛውን እትም፣ ንጹሑን፣ ወስጄ አሰማኋቸው፤
ሳይቆረጥ፣ ሳይንተባተብ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ሲያበቃ ጠየቅኋቸው።
«ጥሩ ነው» አሉኝ።
«ማን ነው ግን?»

የዛሬውም እሑድ መሸ። ሸክላው ወደ ሸክላው ተመለሰ።
ልክክ።
ፍሪጁን ገና አልሠራሁትም፤
እሳቸውም አልጠየቁኝ።