ከካዝና ወደ ካዝና

ቅዳሜ ሌሊት ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም
ሱቄ ደጃፍ ቆሟል፤ አያንኳኳም፣ አይሄድም።
በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ፎቶ ኮፒውን አጥፍቼ፣
ሁለት ካዝና ከፍቼ፣
አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርጌ፣
ቤት ልቀይር ነው፤ ያለ ጋሪ፣ ያለ ተሸካሚ፣ ሳልነሳ ከጥጌ።

አሮጌው ከፋኝ ማለት አይደለም፤
ስድስት ዓመት ጠብቆልኛል፣ አንድ ቀን አላማኝም።
ብቻ ኪራዩን ጨመረ፤ ያውም በዶላር፤
ሰኞ ገበያ ላይ ጤፍ እንጂ እሱ አይሰፈር።

ይህ ሰፈር ኢሜይል የሚከፍተው እኔ ጋ ነው፤
የሚረሳው ቤቱ ሲገባ ነው።
የፈተና ውጤት ሊያይ፣ የቪዛ ቅጽ ሊሞላ
ይመጣና፣ "አንተ ያዝልኝ" ይለኛል፤ "ራሴንም እረሳለሁ፣ እንኳን ሌላ።"
እንዲህ እንዲህ ሲል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለ፤
እንድሪስ የሚለኝ ጠፍቶ፣ ስሜ "ቁልፉ" ተባለ።

አሮጌውን ካዝና "አውጣ" ስለው
ሁሉንም በአንድ ፋይል ዘረገፈው፤
ያለ ኮከብ፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ ሽፋን፣
ቤት እንደሚለቅ ሰው ፍራሽ፣ ደጅ ላይ፣ እርቃኑን።

ላላይ ለራሴ ምዬ ነበር።
አየሁ።

የእትዬ ዘምዘም "መቼትመጣለህ" ነው፤
ከኋላው 2005፣ ልጃቸው ጅዳ የገባበት ነው።
የአቶ ሞላልኝ፣ የበሬያቸው ስም፤
በሬው ከተሸጠ ቆየ፣ ስሙ ግን አልተሸጠም።
የሐረጎን ጠመዝማዛ ቀን ከሌት የሚወጣው ሹፌሩ ይማም
"ፍሬንያዝልኝ" ብሏል፤ ይሄ ዱዓ ነው፣ ይለፍ ቃልም አይደለም።
ያቺ ነርስ ደግሞ፣ ኮምቦልቻ ተቀጥራ የወረደችው፣
አራት ጊዜ የቀየረችው፦
አልደውልለትም1፣ አልደውልለትም2፣
አልደውልለትም3...
ቁጥሩ ሲጨምር መሐላው ሲቀንስ አይቼ
ሳቅሁ። ከዚያ አፈርሁ።

ግማሽ ላይ መብራት ሄደ።
መቶ ሰባው ይሁን መቶ ሰማንያው ተሻግሯል፤
የቀረው፣ ሐረጎ ላይ እንደ ተበላሸ አይሱዙ፣
አፍንጫው ወደ ደሴ፣ ጭራው ወደ ኮምቦልቻ፣
ዕቃውን እንደ ጫነ ቆሟል።
በጨለማው ውስጥ አሰብሁ፦ እኔ ዛሬ ብወድቅሳ?
የዚህ ሁሉ በር መክፈቻ
ያለው አንድ ራስ ቅል ውስጥ ነው፤
እሱም ራስ ቅል፣ ቁርስ የበላበትን የሚረሳ።

መብራትና የሸዋበር አዛን እኩል መጡ።
የቀሩትም ገቡ፣ ቦታ ቦታቸውን ተቀመጡ።
አዲሱ ካዝና፣ እንደ አዲስ አከራይ፣ አንድ በአንድ ገመገመ፤
ከሁሉ መሃል አንዱን ለይቶ፣ በቀይ "ደካማ" ብሎ ሰየመ፦
"አጭር ነው፤ በቀላሉ ይገመታል፤ ይቀየር።"
የእኔው ነበር።
ሦስት ፊደል፤ የወንድሜ ስም፤ ይመር።

ይገመታል አለኝ። ማን ይገምተዋል?
ይህን ሱቅ ከፍቶ፣ ቁልፉን ጥሎልኝ ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል።
ስሙን የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤
እኔም በጣቴ ጫፍ ነው፣ ድምፄን ማንም ሳይሰማኝ።
ማሽን ምን ያውቃል ብዬ ልተወው ነበር፤
በኋላ ግን፣ ከስሙ ጎን፣ በሕይወቱ ሳለ ያልነገርሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር
ጨመርሁበት።
"ጠንካራ" አለ፤ አረንጓዴ በራ።
ምን እንደ ጨመርሁ አልናገርም፤
ይለፍ ቃል ነዋ።

ፋይሉን ሰረዝሁ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ።
በሩን ስከፍት ጉሙ እዚያው ነው፣
እትዬ ዘምዘም ከውስጡ ወጡ፤
ስልካቸውን እንደ ታመመ ጫጩት አቅፈው፦
"ቁልፉ፣ እምቢ አለኝ፣ አልከፍትም አለ።"
ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣
"የእርስዎ መቼ ትመጣለህ ነው" አልኋቸው።
"እሱንማ መች ረሳሁ" አሉ፣
"የጠፋኝ ቁጥሩ ነው እንጂ።
በስንት ዓመት ነበር የሄደው?"