የቀኝ መርገጫ

ከብሬነርድ ወዲያ፣ ከጥዱ ጫካ ሥር፣
መንገድ አለ፣ ጥቁር፣
የገዛ ጅራቱን ዞሮ የሚነክስ፣
ቀኑን ሙሉ ቢነዱት የትም የማያደርስ።

እዚያ ነው የወሰድኩት ሞተሬን፣ በሰኔ፤
አራት መቶ ኪሎ፣ ወንበሩ የሰፋ፣
ጧት ጧት የሚያስነጥሰው፣ መሪው እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ጎን የተገፋ፣
ወፍራም፣ ጯሂ፣ ዝግ ያለ፤ ቁርጥ እኔን፣ ልክ እኔ።

ፈታሹ ዞረና ሁለቴ ዙሪያውን፣
የጎን ሻንጣዎቹን አስፈታኝ፣ ታርጋውን፤
«ምነው ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ይዘህ መጣህሳ የሳሎን ሶፋህን!»
መብራቱን በሰማያዊ ፕላስተር ጋረደ፣
ሁለቱን ስፖኪዮም፤
«እዚህ ወደ ኋላ ማየት የለም፣» ብሎ ሄደ።

አጠገቤ የቆሙት ቀጫጭኖች ናቸው፤
እንደ ተርብ ወገባቸው፣ እንደ ተርብ ዜማቸው።
በሩ ሲከፈት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣
ሌላው በየት እንደሆን እንጃ፣ ብቻ አለፈኝ።
እኔ ዱግ ዱግ እያልኩ፣ ማርሽ በእግሬ እየዳበስኩ፣
ሠርጉ ጥሎት እንደሄደ ከበሮ መቺ
ኋላ ቀረሁ፣ ብቻዬን ደለቅኩ።

ሦስተኛው ኩርባ ቀኝ ነው። ገባሁ። አዘነበልኩ።
ክርርርር!
ከቀኝ እግሬ ሥር ብረት ከአስፋልት ተፋጨ፣
ፍንጣሪው ጫማዬ ላይ እንደሚቆላ ሰሊጥ ተረጨ።
«አለቀልኝ» አልኩ። ሣሩን አየሁ።
ሞተሩም ሣሩን አየ።
ተያይዘን ሄድንለት።

ሶልቬግ ትባላለች አስተማሪያችን፤ ሠላሳ ዓመት
የትምህርት ቤት አውቶቡስ በበረዶ ላይ የነዳች ሴት።
ከጫማዬ ሣር እየነቀለች፦
«ብረቱ ሲጮህብህ መውደቅህ አይደለም፣
የቀረህን ሲነግርህ ነው፤ ብረት አያባብልም።
ሣር ካየህ፣ ሣር ትግጣለህ።
አንገትህን ጠምዝዘው፤ መውጫው ላይ
ዐይንህ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቅህ።»

ከሰዓት። ያው ኩርባ።
ዐይኔን አስቀድሜ ላክሁት፣ ማዶ፣ ነጩ መስመር ጋ።
ክርርርር። ይጩህ፣ አልኩ።
ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ዘይት፣ የኔም ቦርጭ ተደምሮ፣
ዞረ፣
ከባድ የእንጨት በር በአንድ ጣት ሲገፉት
በማጠፊያው እንደሚዞረው፣ ያለ ድካም፣ ያለ ጥድፊያ።
አንድ ተርብም አለፍኩ።
ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎበት ነበር አሉኝ ኋላ፤
ምን አገባኝ? አልፌዋለሁ በቃ።

ማታ ጋራዥ ውስጥ እቴነሽ በባትሪ
ጎንበስ ብላ ታያለች፤ የግራው መርገጫ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤
የቀኙ ጠርዝ ሳስቶ፣ ነጥቶ፣ ያበራል፤
ጣቷን ልታስነካው ብላ መለሰችው።
«ወደቅህ እንዴ?»
«ኧረ፣ ተሳልኩ።»
የቢላውን ስለት ይሁን የታቦቱን፣ አልጠየቀችኝ፤
እኔም አልነገርኳት።

የግራው ስፖኪዮ ላይ ሰማያዊው ፕላስተር
እንደተለጠፈ አለ።
ሦስት ሳምንቱ።