ሁለት ጣት

ሮላ፣ ከአደባባዩ ጀርባ፣ ስልክ ጠጋኙን እንዳለፉ፣
አንዲት ጠባብ በር አለች፤ እዚያ ነው ክሩ፣ ሱፉ።

«አሁን በዚህ ሙቀት ሹራብ ማን ይገዛል?»
አዲስ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ ይስቃል።
ሻርጃን አያውቃትም።
ደጇ ፍም ሲሆን ጓዳዋ ውርጭ ነው፤
በሐምሌ ቀትር ባንክ ቤት ገብቶ ጥርሱ የተንቀጫቀጨ ሰው፣
የኔ ደንበኛ እሱ ነው።
ሐምሌ እዚህም ይበርዳል፤
ብርዱ ግን በቆጣሪ ይታሰባል።

ከበሩ በላይ ያለው ጽሑፍ ስሜን አያነሳም፤
ኪራዩ ከኔ ነው፣ ፈቃዱ ከከፊሌ፤ ይህን ማንም አይረሳም።
በኛ አፍ ከፊል ማለት ግማሽ ነበር ትርጉሙ፤
እዚህ ስደርስ ሙሉ ሆነ፣ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ።

ጠዋት መዝጊያውን ሽቅብ ወርውሬ አሸዋውን ከደፉ እጠርጋለሁ፤
ልቃቂቶቼን በቀለም ሳይሆን በተነከሩበት ገንዳ እለያለሁ፤
አንዱ ነጭ ከሌላው ነጭ ጋር እንደማይዋደድ
የሚያውቅ የክር ነጋዴ ነው፣
ወይም ሁለት ምራት ያላት፣ ሁለቱንም የምትወድ።

ኡም ሰይፍ ከመኪናዋ አትወርድም፤ ጥሩምባዋን ትነፋለች፣
መስኮቷን ገርበብ አድርጋ
የልጅ ልጇን ጭንቅላት በመዳፏ ለክታ ታሳየኛለች፤
«ኮፍያ፣ ይህን ያህል!» ነው።
መዳፏ ግን አንድ ቀን ብርቱካን፣ አንድ ቀን ሐብሐብ ነው።

ማሪቴስ፣ ነርሷ፣ አንድ ነገር አስለመደችኝ፤
«በየቀኑ አንዲት መስመር፣ እንደ ሙቀቱ ቀለም፣
ዓመት ሲሞላ ብርድ ልብስ» አለችኝ።
ጥር በአረንጓዴ፣ መጋቢት በብጫ፣
ከግንቦት እስከ መስከረም ቀይ ብቻ፣ ቀይ ብቻ፤
ቀይ ክር ፈልጎ የመጣ ሰው ባዶውን ተመለሰ፤
መደርደሪያዬን እኔው በላሁት፣ ነጋዴነቴ ፈረሰ።
ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ዘነበ፤ ሮላ ኩሬ አዘለች፤
ሰማያዊ ጣልኩ፣ አንዲት መስመር።
እስከዛሬ እጄ እሷ ላይ ሲደርስ ታስቆመዋለች።

መዲና የምትመጣው አርብ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተፈቅዶላት፤
ሹራቧ እኔ ጋ ያድራል፣ በፌስታል፣ እመቤቷ «ክር ቤቴ አይገባም» ብላት።
ከሚሴ ላለ ልጇ ነው፤ ስትለየው ገና አልዳኸም፤
የሹራቡን ጀርባ ስትጨርስ ቆመ፣ ደረቱን ስትጀምር ሮጠ፤
ልጅ አይጠብቅም፣ አይደክምም።
ትተረትረዋለች፤ ዓይን ጨምራ እንደገና፤
ክሩ እሳት እንደነካው ፀጉር ተጠቀለለ፤ አልሰለቻትም መዲና።
«ይኸ ልጅ» ትላለች፣ «ከመርፌዬ ይፈጥናል፤
አንድ ቀን እራት ባይበላ ምን ይሆናል?»
ብላ ደንግጣ አፏን ትይዛለች፤ «አስተግፊሩላህ» ይከተላል።

አንድ አርብ ቀረች። ሁለተኛው። አራተኛውም አለፈ።
ስልኳ አይጠራም። ፌስታሉ ባንኮኒው ሥር፣
ሰባ ሁለት ዓይን መርፌው ላይ እንደ ተሰለፈ።
ውሏ አልቆ ነው? ውሏ ጠፍቶ?
ልቃቂት ቢሆን ውሉን በጨለማም አገኘዋለሁ፤
የመዲናን ውል ግን ማን ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ?
አልተረተርኩትም።
አልጨረስኩትም።

ጥር ላይ የድምፅ መልእክት መጣ፤
ባጃጅ ያጓራል፤ ድምፅዋ ከጫጫታው እየገባ፣ እየወጣ።
«እንዴት እንደተመለስኩ ተይው፤ እሱ ሌላ ቀን ይነገራል።
ልጁን መቃኑ ላይ አስደግፌ ለካሁት፤ አላወቀኝም፣ ግን ያስለካል።
እጅጌው ላይ ሁለት ጣት ጨምሪ፤
በኔ ጣት ታዲያ! ያንቺ ወፍራም ነው፤ እንዳታጭበረብሪ።»

የሷ ጣት። በረኪና የላጠው፣ ጥፍሩ የሳሳ።
ሁለቱ ስድስት መስመር ይሞላሉ፣ እጄ ካልረሳ።

ፌስታሉን ፈታሁ።
ሰባ ሁለት ዓይን ቆጠርኩ፤ ሰባ አንድ ሆነብኝ፤ አንዷ አምልጣለች፤
ከሥር በኪሮሽ እየጎተትኩ ሳወጣት፣
ኡም ሰይፍ ውጪ ጥሩምባ ትነፋለች።