ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ቃል

ሞራግ፣ አለቃዬ፣ ደብዳቤ ጽፋልኝ፣
ለሌላ ሥራ ቦታ ምስክር ስትሆነኝ፣
ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል አስቀመጠች፤
«አላክሪቲ» ትላለች፤ ዐይኔ ላይ ፈጠጠች።

ደንዲ ከተማ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ፣
ስልኬን አወጣሁኝ ለፍቺ መፈለጊያ።
«ደስ ብሎት፣ ሳይለመን፣ ቶሎ እሺ ማለት» ይላል።
የቴይ ወንዝ ንፋስ ወረቀቴን ያርገበግበዋል።

ደስ ብሎት?
የመጀመሪያው ክረምት፣ ደወሉ ሲጮህ ኮሪደሩን የማቋርጠው፣
ደስታ መቼ ነበር? ፍርሃት ነው እግሬን የሚያሮጠው፤
የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ዕዳ፣
በፈገግታ ጋርጄ፣ ከእንግዳ እንደሚጋረድ ጓዳ።
ከውጭ ሲታይ ግን ያው ነው እኮ መልኩ፣
የፈሪም የደስተኛም አንድ ነው ልኩ።

ቃሏ ደግሞ መራጭ ናት፤
ለሸሸ ሌባ አትሆንም፣ ቢከንፍም እንደ ነፋስ፣
አውቶቡስ ላመለጠውም፣ ትንፋሹ እስኪበጣጠስ፤
ሰው ሲጠራህ ነው እንጂ፣ ጥሪው ሳያልቅ ስትደርስ።

በአማርኛ ፈለግኋት።
«ቅልጥፍና» አልኩ፤ እጅ እንጂ ልብ የለው።
«ፈቃደኝነት» አልኩ፤ ቢሮ ቢሮ ይላል፣ ማኅተም ነው የቀረው።
«ትጋት»ም ላብ በላብ፣ ግንባሩ ተቋጥሮ፤
«ጉጉት»ም መስኮት ላይ ቀረ፣ አንገቱን ወጥሮ።

አውቶቡሱ ዘገየ።
ሚስተር ሌኪ ትዝ አሉኝ፣ ዐሥራ አንድ ቁጥር ክፍላቸው፣
የጆንያ ፋብሪካ ጫጫታ ጆሯቸውን የደፈነባቸው።
አንድ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ደወሉን ተጫኑ፦
«ጥቅምት ገባ አይደል? ዝዮቹ መጡ ወይ?
በኔ ጆሮ አይሆንም፤ ባንቺ ጆሮ ልስማ፣
አድምጪልኝ ልጄ፣ ከግቢው ጨለማ።»

ካፖርት ሳልደርብ፣ በነጠላ ጫማ፣
ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ።
ዝይ መጠበቅ የለም በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ፤
እርጥብ ሣር ላይ ቆሜ፣ ሰማዩን ሳዳምጥ፣
መጡ!
ከደመናው በላይ፣ እንደ ዘገየ ሰርገኛ ሲንጫጩ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ በር ላይ፣
በሁለት እጄ ክንፍ ሠራሁላቸው።
ሳቁ። ጥርሳቸው ብርጭቆ ውስጥ ነበር።

ሞራግ ያን ሌሊት ተረኛ አልነበረችም።
ያየችው ሩጫዬ ቃሏን አይገባትም፣
የሚገባትን ደግሞ እሷ አላየችም።

የኛይቱ ቃል የመጣችልኝ ይኼኔ ነው፤
ሁለት ሆና፣ እንደ ሁለት እግር፦
ሽር፣
ጉድ።

አውቶቡሱ መጣ። ሮጥኩ።
ይኼኛው እንኳን ብርድ ነው።